የቧንቧ ውሃችን ጥርት ያለ ነው፤ ልጄ ግን ሦስት ጊዜ ታመመ። ከየት ልጀምር?

የሦስተኛ ፎቅ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ አራት ዓመቱ ነው። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቅማጥ ይዞት ሐኪም ቤት ተመላለስን። በሦስተኛው ጊዜ ሐኪሟ መድኃኒት ከመጻፏ በፊት ቀና ብላ፣ «የምትጠጡት ውሃ ከመንገዱ መስመር በቀጥታ የሚመጣ ነው ወይስ ታንከር ውስጥ ተጠራቅሞ?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። እዚህ ቤት ከገባን ስምንት ወራችን ነው፤ ውሃው በየት በኩል አድርጎ ማድ ቤቴ እንደሚደርስ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ሙያው ያለው ሰው አይጠፋም ብዬ የማውቀውን ሁሉ ልንገራችሁ። የምንኖረው በሕንፃው የመጨረሻ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ተቋርጦ ሲመለስ ቧንቧው መጀመሪያ ትፍ ትፍ ይላል፣ ቀጥሎ ዝገት የመሰለ ቀይ ውሃ ያወርዳል፣ ትንሽ ቆይቶ ይጠራል። አንዳንዴ ደግሞ ብርጭቆ ላይ ስቀዳው ወተት ይመስላል። ከዚያ ውጭ ጥርት ያለ፣ ምንም የማይሸት፣ ለመጠጣት ደስ የሚል ውሃ ነው። ምድር ቤት ያለችው ጎረቤቴ «የኔ ውሃ በረኪና በረኪና ይላል» እያለች ስታማርር፣ እኔ የኛ ስለማይሸት ዕድለኞች ነን ብዬ ነበር የማስበው።

ማፍላት ብቻ ይበቃኛል? ማጣሪያ ልግዛ? ወይስ መጀመሪያ ላስመርምር? ሌላም ነገር፣ ቶሎ እንዲፈላልኝ ብዬ ማንቆርቆሪያውን የምሞላው ከቦይለሩ በሚወርደው ሙቅ ውሃ ነው። ይህስ ጉዳት አለው? እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ፤ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

አንባቢው፦

እህቴ፣ ልጅሽን እግዜር ይማርልሽ። አፍልተሽ፣ አቀዝቅዘሽ ስጪው፤ ሌላ ሌላውን ተይው። እኛ ቤት ከልጅነታችን ጀምሮ ሲፈላ ነው የኖረው።

ቧንቧ ሠሪ፦

እህቴ፣ ቀዩ ውሃ የብረት ቧንቧ ዝገት ነው። ውሃ ሲቋረጥ ቱቦው ባዶ ይቀራል፤ ሲመለስ በኃይል ስለሚገባ ግድግዳው ላይ የተጋገረውን እየላጠ ይዞት ይወርዳል። ልብስ ያበላሻል እንጂ ለልጅሽ ሕመም ምክንያቱ እሱ አይመስለኝም። ወተት የሚመስለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አየር ነው። ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ እዪው፤ ከሥር ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው። ሥሩ ላይ ነጭ ነገር ከዘቀጠ ግን ሌላ ጣጣ አለ ማለት ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ስለ ጎረቤትሽ የጻፍሽው ነው። አንድ ሕንፃ፣ አንድ ቆጣሪ፣ ምድር ቤት ይሸታል፣ ሦስተኛ ፎቅ አይሸትም። የእሷ ከመንገዱ መስመር በቀጥታ ነው፣ የአንቺ ጣራ ላይ ካለ ሮቶ ነው የሚወርደው ብዬ እገምታለሁ። ጣራው ላይ ወጥተሽ አይተሽ ታውቂያለሽ? ክዳኑ መኖሩንስ?

የላብራቶሪ ጡረተኛ፦

ለሃያ ሁለት ዓመት የከተማ ውሃ ስመረምር ኖሬያለሁ። ወንድማችን ቧንቧ ሠሪው ቁልፉን ይዞታል። ሰው የክሎሪን ሽታ፣ ያ ጎረቤትሽ በረኪና ያለችው፣ ሲሰማው ይደነግጣል። እኔ የምደነግጠው መሽተት የነበረበት ውሃ መሽተት ሲያቆም ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ።

ከወንዝ ወይም ከግድብ የመጣ ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ሲደርስ መጀመሪያ አሉሚኒየም ሰልፌት ይጨመርበታል። በውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ የነበረው ደቃቅ አፈር ተያይዞ እንደ ጥጥ ይሆንና ወደ ሥር ይዘቅጣል። ቀሪው በአሸዋ ይጣራል። መጨረሻ ላይ ክሎሪን ይገባል። እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ክሎሪኑ ጣቢያው ውስጥ ተዋሲያንን ገድሎ ሥራውን የሚጨርስ አለመሆኑን ነው። ጥቂቱ ሆን ተብሎ ውሃው ውስጥ ይተዋል፤ ቀሪ ክሎሪን እንለዋለን። የመንገድ ስንቅ ነው። በኪሎሜትሮች ቱቦ ውስጥ ሲጓዝ በስንጥቅ የገባ ነገር ቢኖር የሚከላከለው እሱ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ቀሪ ክሎሪን እንዲኖረው ይመክራል። ከፍተኛው ወሰን 5 ሚሊግራም ነው፤ ሽታው ግን ከዚያ እጅግ ባነሰ መጠንም ለብዙ ሰው ይሰማዋል።

ስንቁ የሚያልቀው በሦስት ነገር ነው፤ በጊዜ ብዛት፣ በሙቀት፣ በቆሻሻ። ጣራ ላይ ፀሐይ የሚመታው፣ ሥሩ ዝቃጭ የያዘ ታንከር ሦስቱንም አሟልቶ ይጠብቀዋል። ከመንገዱ በደህና የደረሰ ውሃ እዚያ ውስጥ ሁለት ቀን ከተኛ ትጥቁን ፈትቶ ነው ወደ አንቺ የሚወርደው።

«ጥርት ያለ ነው» ላልሽው፣ ዓይን ድፍርስነትን መለየት የሚጀምረው 4 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ ነው) ገደማ ላይ ነው። የውሃ ባለሙያዎች ግን ክሎሪን ከመጨመሩ በፊት ከ1 በታች እንዲሆን ይፈልጋሉ። ተዋሲያንማ ጭራሽ አይታዩም። መመዘኛው በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም ኢ. ኮላይ አለመገኘት ነው። ኢ. ኮላይ የሰው ወይም የእንስሳ ዓይነ ምድር ውሃው ውስጥ መግባቱን የሚናገር ምስክር ነው። በሥራ ዘመኔ እንደ መስታወት የጠራ ናሙና ይዘው መጥተው፣ በማግሥቱ ተዋሲያን የምናሳድግበት ሳህን በሙሉ የኢ. ኮላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ሆኖ ያገኘሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? መጀመሪያ አወዳድሪ። ለመዋኛ ገንዳ የሚሸጥ ትንሽ የክሎሪን መለኪያ አለ፤ ሁለት ብልቃጥ፣ የቀለም ሰሌዳና ዲፒዲ ቁጥር 1 የሚባል እንክብል ያለበት። ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል፤ በበዛ መጠን ይደምቃል። ውሃ በሚመጣበት ቀን ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ቧንቧ አንድ ለኪ፣ ወዲያው ማድ ቤትሽ ገብተሽ ሌላ ለኪ። ሁለቱም ሮዝ ከሆኑ ችግሩን ሌላ ቦታ እንፈልገዋለን። ሁለቱም ነጭ ከሆኑ፣ ማለትም ምንም ቀለም ካልያዙ፣ ጥፋቱ ከግቢሽ ውጭ ነው፤ ለውሃ መሥሪያ ቤቱ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈሽ አመልክቺ። የታችኛው ሮዝ ሆኖ የላይኛው ነጭ ከሆነ ግን ማንንም ከመክሰስሽ በፊት ጣራ ላይ ውጪ።

እስከዚያ ድረስ አፍሊ። ጉልህ ብሎ ሲንተከተክ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ሦስት ደቂቃ ያቆየው፣ ምክንያቱም ከፍ ባለ ቦታ ውሃ የሚፈላው በዝቅተኛ ሙቀት ነው። የፈላውን መልሰሽ ያው የቆየ ጀሪካን ውስጥ እንዳትገለብጪው። አፉ ጠባብ ወይም ቧንቧ ያለው ዕቃ ይሁን፤ የልጅ እጅና ኩባያ አይግባበት።

ከቦይለር ውሃ አትጠጡ፣ አታብስሉበትም። ሙቅ ውሃ ከቱቦና ከመገጣጠሚያ ብረትን፣ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ካለም እሱን ከቀዝቃዛው በበለጠ ያሟሟል። እርሳስ ደግሞ ሲፈላ አይጠፋም፤ ውሃው እየተነነ ሲቀንስ እንዲያውም ይወፍራል። አሜሪካ ውስጥ ፍሊንት የምትባለው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 የውሃ ምንጯን ወደ ወንዝ ስትቀይር ቱቦን ከመበላት የሚጠብቀው ኬሚካል ሳይጨመር ቀረ፤ እርሳስ ከአሮጌዎቹ ቱቦዎች እየተፈታ የሕፃናቱ ደም ውስጥ ገባ። ከቧንቧቸው ቡናማና የሚሸት ውሃ እየወረደ ነዋሪዎቹ ሲጮሁ ለወራት ሰሚ አጡ። ስለዚህ ማድ ቤት ለሚገባ ውሃ ሁልጊዜ ቀዝቃዛውን ክፈቺ፤ ሌሊቱን ሙሉ ቱቦ ውስጥ ያደረውንም ጠዋት ጥቂት አፍስሺው፤ ለማጠቢያ ይሆናል።

ጥንቃቄ፦

ይቅርታ፣ ክሎሪንን እንዲህ ማወደስ ልክ አይመስለኝም። ካንሰር ያመጣል ሲባል እንሰማለን። እኔ ክሎሪን የሚያወጣ የከሰል ማጣሪያ አስገጥሜ ነው የምጠቀመው፤ ሽታ የለ፣ ምን የለ። ለእህታችንም እሱን እመክራታለሁ።

የላብራቶሪ ጡረተኛ፦

ወንድሜ፣ ስጋትህ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ክሎሪን በውሃው ውስጥ ካለ የበሰበሰ ቅጠልና መሰል ነገር ጋር ሲገናኝ ትራይሃሎሜቴን የሚባሉ ውህዶች ይፈጥራል፤ የካንሰሩ ስጋት የሚነሳው ከእነሱ ነው። መጠናቸው ይለካል፣ ወሰንም አላቸው። የሚቀነሱት ግን ክሎሪንን በመተው አይደለም፤ ክሎሪን ከመግባቱ በፊት ውሃውን አጥርቶ በማጣራት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እነዚህን እንቀንሳለን ተብሎ ተዋሲያን መግደሉ እንዳይላላ አጥብቆ ያሳስባል። ክሎሪን ሲጎድል የሚሆነውን ካናዳ ውስጥ ዎከርተን በምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ዓለም አይቶታል። ከባድ ዝናብ የከብት እበት አጥቦ ወደ ከተማዋ የውሃ ጉድጓድ አስገባ። ቀሪ ክሎሪኑን በየቀኑ መለካት የነበረባቸው ሰዎች ሳይለኩ ቁጥር ይመዘግቡ ነበር። ሰባት ሰው ሞተ፣ ወደ 2300 የሚጠጋ ታመመ። ይህን ታሪክ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ በመጀመሪያ ቀኑ እነግረው ነበር። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ከብልቃጡ ይምጣ እንጂ ከጭንቅላት አይምጣ እያልኩ።

የከሰል ማጣሪያህን አልነቅፍም፤ ሽታና ጣዕም ያስተካክላል። ግን ክሎሪኑን የሚያወጣው እሱ ነው፤ ከእሱ በኋላ ያለው ውሃ ጠባቂ የለውም። ከሰሉን በጊዜው ካልቀየርከው ራሱ የባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል። ሽታው ለሚከብዳት ሰው ቀላሉ መንገድ ውሃውን ክዳን ባለው ማሰሮ ቀድቶ ማሳደር ነው፤ ሲያድር ሽታው ይለዝባል።

ክሎሪን ሁሉን ይችላል አላልኩም፤ ይህንንም ልጨምርልህ። እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ውስጥ ሚልዎኪ በምትባል ከተማ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለ ጥገኛ ተዋሲ በከተማው ውሃ ገብቶ ወደ 403 ሺህ ሰው እንደታመመ ተገምቷል። ክሎሪን እሱን እምብዛም አይነካውም። የሚይዘው ማጣሪያው ነበር፤ ያን ሰሞን ከማጣሪያ ጣቢያው የሚወጣው ውሃ ድፍርስነቱ ከወትሮው ከፍ ብሎ ነበር። ማፍላት ግን ይገድለዋል። ለዚህ ነው እህታችንን እስኪጣራ ድረስ አፍሊ ያልኳት።

የሦስተኛ ፎቅ እናት፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ።

መለኪያውን አገኘሁት። ትላንት ውሃ መጥቶ ስለነበር ምድር ቤት ከቆጣሪው አጠገብ ቀድቼ እንክብሉን ጨመርኩበት፤ ወዲያው ሮዝ ሆነ። ከሰሌዳው ጋር ሳስተያየው 0.4 ላይ ነው። በደረጃው እየሮጥኩ ወጥቼ ከማድ ቤቴ ቀዳሁ። እንክብሉ ሟሟ፣ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አዙሬ አየሁት፣ ምንም ቀለም የለም። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። አሁንም ነጭ። ልጄ አጠገቤ ቆሞ «የታችኛው ያምራል» አለኝ።

ከዚያ የጥበቃውን አባባ ለምኜ መሰላል ይዞልኝ ጣራ ላይ ወጣሁ። ሮቶው ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ ነው። ክዳኑ አንድ ጎኑ ተሰንጥቆ በድንጋይ ተጭኗል። ድንጋዩን አንስቼ ስከፍተው መጀመሪያ ያገኘኝ ሽታው ነው፤ የዝናብ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ የሚሸተውን ዓይነት። በስልኬ መብራት ወደ ውስጥ አየሁ። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ልባስ አለ፤ በጣቴ ስነካው ያዳልጣል። ሥሩ ላይ ቡናማ ጭቃ ተኝቷል፤ ወደ ቤታችን የሚወርደው ቱቦ የሚጀምረው ከዚያ ጭቃ አፍ ላይ ነው። ሲሞላ ትርፉ የሚፈስበት ቱቦ ደግሞ አፉ ክፍት ነው፤ ጫፉ ላይ የርግብ ላባ ተጣብቆበታል። ውሃው ግን ከላይ ሲታይ ጥርት ያለ ነው! ሥሩ ድረስ ያሳያል። ይህንን ስምንት ወር ሙሉ ለልጄ በእጄ ቀድቼ ሳጠጣው ኖርኩ። እዚያው ጣራው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ዛሬ ጠዋት ላብራቶሪ ናሙና ወስጃለሁ። ባለሙያው የሰጠኝን ጠርሙስ እንዳላጥበው አስጠነቀቀኝ፤ ውስጡ ያለው ነገር ክሎሪን ቢኖር ሥራውን እንዲያቆም የሚያደርግ ነው አለኝ። አከራያችንን ደውዬ ነግሬዋለሁ፤ «ያጥቡት» አለ። እንዴት ነው የሚታጠበው? አንዷ ጎረቤቴ በረኪና ጨምረን እንጠቀምበት ትላለች።

ቧንቧ ሠሪ፦

ጭቃው ላይ በረኪና መጨመር ዋጋ የለውም፤ ጭቃው በልቶት ይጨርሰዋል። መጀመሪያ መግቢያውን ዝጉ፣ ያለውን ውሃ በታችኛው ማስወገጃ አፍስሱ። ማስወገጃ ከሌለው ወደ ቤት የሚወርደውን ቱቦ ነቅላችሁ በዚያ ይውጣ፤ ጭቃው ወደ ቤታችሁ ቧንቧ እንዳይወርድ። ግድግዳውን ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ በውሃ ብቻ ፈትጉት፤ ሳሙና ይቅር። ሰው ውስጡ የሚገባ ከሆነ ከላይ ሌላ ሰው ቆሞ ይጠብቀው፤ ብቻውን እንዳይገባ።

ስትገጥሙት መውጫው ከወለሉ ጥቂት ጣት ከፍ ይበል። የትርፍ ውሃ ቱቦው አፍ ላይ ደቃቅ ወንፊት ይታሰርበት። ክዳኑን ቀይሩት፤ በድንጋይ አይሆንም። ሕንፃው ውስጥ ከመንገዱ መስመር በቀጥታ የሚስብ ፓምፕ ካለም አስነቅሉት። ፓምፑ ሲስብ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወድቅና በስንጥቁ በኩል አጠገቡ ያለውን እርጥብ አፈር፣ የፍሳሽ ውሃም ቢሆን፣ አብሮ ይጎትታል። ጉዳቱ ለእናንተ ብቻ ሳይሆን ለመንደሩ በሙሉ ነው።

የላብራቶሪ ጡረተኛ፦

ልጄ፣ አታልቅሺ። አንቺ ጠየቅሽ፣ ሌላው ገና አልጠየቀም።

ከታጠበ በኋላ በረኪናው ይገባል፤ ሒሳቡን ልሥራልሽ። የምንፈልገው በሊትር 50 ሚሊግራም ክሎሪን ነው። ሽታ ማሳመሪያ የሌለው 5 በመቶ በረኪና አንድ ሊትሩ 50 ግራም ክሎሪን አለው፤ ስለዚህ ለአንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ሊትር በረኪና ነው። ለእናንተ ሁለት ሊትር። ታንከሩን ሩብ ያህል ሙሉት፣ በረኪናውን ጨምሩ፣ ከዚያ እስከ አፉ ሙሉት፤ ውሃው ሲገባ ራሱ ያዋህደዋል። ቀጥሎ በየቤቱ እየገባችሁ የበረኪና ሽታ እስኪመጣ ድረስ ቧንቧዎቹን ክፈቱና ዝጉ፣ ቱቦውም አብሮ ይታከም። ሃያ አራት ሰዓት ይቆይ።

ያን ቀን ማንም አይጠጣውም፣ አያበስልበትም፣ ልጅም አይታጠብበት። እያንዳንዱ በር አንኳኩታችሁ ንገሩ፤ ወረቀት መለጠፍ ብቻ አይበቃም። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ፣ በተለይ ከአሲድ ጋር እንዳትቀላቅሉት፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። በማግሥቱ በሙሉ አፍስሱት፣ እጠቡት፣ አዲስ ውሃ ሙሉ። ከዚያ እንደ መጀመሪያው ከታችና ከላይ ለኪ።

የሦስተኛ ፎቅ እናት፦

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ተመልሻለሁ፤ ዝም ብዬ ብጠፋ ነውር ነው።

የመጀመሪያው የላብራቶሪ ውጤት የመጣው ከማጠባችን በፊት ነበር፤ በ100 ሚሊ ሊትር 14 ኢ. ኮላይ። ወረቀቱን ለአከራያችን ሳሳየው ክዳኑን በዚያው ሳምንት ቀየረው። ቅዳሜ ከሁሉም ፎቅ አንድ አንድ ሰው ወጥቶ ታጠበ። ከሥሩ የወጣው ጭቃ ሁለት ባልዲ ተኩል ሞላ። ወንፊቱን የትርፍ ቱቦው አፍ ላይ ራሴ በሽቦ አሰርኩት።

አሁን ከቆጣሪው 0.4፣ ከማድ ቤቴ 0.3። ሁለተኛው ናሙና ዜሮ መጣ። ሐኪሟ እስከ ወሩ መጨረሻ ማፍላቱን ቀጥዪ ስላለችኝ እያፈላሁ ነው፣ ከቀዝቃዛው እየቀዳሁ። ልጄ ከዚያ ወዲህ ደህና ነው።

ጠዋት ቧንቧውን ስከፍተው ትንሽ በረኪና በረኪና ይለኛል። ትላንት ልጄ «እማዬ፣ ይሸታል» ሲለኝ አቅፌ ሳምኩት፤ ምን እንደሆነበት አልገባውም። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ከመለኪያው ሰባት እንክብል ቀርቶኛል። በሳምንት አንድ ጊዜ ብለካ ይበቃል ወይስ ውሃ ተቋርጦ በተመለሰ ቁጥር ልለካ?

የላብራቶሪ ጡረተኛ፦

ረዘም ላለ ጊዜ ተቋርጦ በተመለሰ ቁጥር፣ ቀዩ ከጠራ በኋላ ለኪ። በሌላው ጊዜ በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ይበቃል። እንክብሉን እርጥበት ከሌለበት ቦታ አስቀምጪው፤ በጣትሽም አትንኪው፣ ከላስቲኩ በቀጥታ ወደ ብልቃጡ ይግባ። ታንከሩን ከስድስት ወር በኋላ ክፈቺውና እዪው፤ ቀኑን ክዳኑ ላይ በማርከር ጻፊበት።